ከአውበሬ የመጣው ልጅ

እማዬ ወንድሜን ልትወልድ አንድ ወር ገደማ ሲቀራት፣ አንድ ልጅ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል ሲባል ሰማሁ። ግንቦት 2011 ነበር፣ ጅግጅጋ። አስራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ይቀረኝ ነበር።

የሰማሁት ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ነው። ቤታችን አንድ ሰፊ ክፍል ሲሆን አባዬ መሐሉ ላይ ሽቦ ወጥሮ ሰማያዊ መጋረጃ ጋርዶበታል፤ ወዲህ እኔ እተኛለሁ፣ ወዲያ እነሱ። ያን ቀን የቤት ሥራዬን የምሠራ መስሏቸዋል። ከወዲያ በኩል እማዬ በጎኗ ተኝታለች፣ አባዬ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ እማዬን ስትከታተላት የቆየችው አዋላጅ ነርስ ሲስተር ሙና ቆማ ታወራለች። ኤዶ ደሃቦም ነበሩ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ግቢውን የሚያከራዩት እሳቸው ቢሆኑም አከራያችን ብሎ የጠራቸው ሰው አላስታውስም።

"እንግዴ ልጁ በሩን ዘግቶ ነው የተቀመጠው" አለች ሲስተር ሙና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አልትራሳውንዱ ላይ በግልጽ ታይቷል። ከአሁን በኋላ ሳይታሰብ ደም ሊፈስ ይችላል። ከፈሰሰ ደግሞ ጊዜ የላችሁም።"

"ምልክት የለውም?" አለ አባዬ።

"የለውም። ቁጭ ባለችበትም፣ በተኛችበትም ሊመጣ ይችላል።"

እኔ የሰማሁት "እንግዳ ልጅ" ነው።

እንግዴ ልጅ ምን እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ሕፃን በእናቱ ሆድ ውስጥ እያለ የሚመግበው፣ ሲወለድ ተከትሎት የሚወጣው ነው። የእማዬ ከላይ በኩል መሆን ሲገባው ከታች፣ ልጁ በሚወጣበት መንገድ ላይ ተኝቶ ነበር። ያኔ ግን ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። እንግዳ ልጅ፣ በር፣ ደም። ሦስቱን ገጣጥሜ የራሴን ነገር ሠራሁ።

ለመገጣጠምም ብዙ አልተቸገርኩም። ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ከተማው ታውኮ፣ እንደኛ ሶማሌ ያልሆነ ሰው እየተፈለገ ሲጠቃ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በኤዶ ደሃቦ ዕቃ ቤት ውስጥ ተደብቀን ነበር። ኤዶ ደሃቦ የሴት ቀሚስ ጨርቅ ነጋዴ ስለነበሩ ዕቃ ቤቱ እስከ ጣሪያው በጨርቅ ጥቅል የተሞላ ነው፤ እኛ ጥቅሎቹና ግድግዳው መሐል ተጣበን ተቀመጥን። ከዚያ ሦስት ቀን የቀረኝ ድምፅ ነው። የግቢውን በር የሚደበድብ እጅ፤ ኤዶ ደሃቦ በሶማሊኛ "እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ" ሲሉ፤ ከዚያ ረዥም ዝምታ። ሰላም ሆኖ ወደ ቤታችን ስንመለስ ስለዚያ ነገር ማንም አያወራም። ካልተወራ የምረሳው መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከውስጥ የእማዬን ወይም የአባዬን ድምፅ ሳልሰማ ደፍሬ አልገባም።

ስለዚህ ሲስተር ሙና "ደም" ስትል ደብተሬን ጥዬ ወጣሁ። መጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ጥቂት ቆየሁ። ስመለስ ወሬው ወደ ማለቂያው ደርሷል።

"እሱ ከአውበሬ ይመጣል" ይላሉ ኤዶ ደሃቦ። "ነገ እደውላለሁ። ደም የመጣ ቀን እሱ እዚህ ይሆናል። በኔ ይሁንባችሁ።"

"ሶሲና እንዳትሰማ" አለች እማዬ። "ያለፈው ይበቃታል።"

መሐሉን አልሰማሁም። መሐሉ ላይ የተባለውን እማዬ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ እሱን የሚያህል ለማግኘት የሚያስቸግር ደም የለም። ለቀዶ ሕክምናው ቀን ተቆርጦላታል፤ ከዚያ በፊት ደም ከጀመራት ግን የሚሰጣት ሰው በቅርብ መኖር አለበት። የአባዬ አይሆናትም፣ የእኔም አይሆንም። ኤዶ ደሃቦ ያሰቡት ጁነይድ የሚባለውን የወንድማቸውን ልጅ ነው። ባለፈው የካቲት በሚኖርባት በአውበሬ ከተማ ለአንዲት ወላድ ደም ሲሰጥ፣ የእሱ ዓይነት ደም ያለው ሰው ጥቂት እንደሆነ ተነግሮት ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላው ደግሞ እንዲሰጥ ስላልተፈለገ እስከዚያው ጅግጅጋ ተቀምጦ ይጠብቅ ተባለ። ነገሩ ይኸው ነው። እማዬ ይህን ስትነግረኝ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ እንደ ዋዛ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን የሚሸሽ ሰው ቤት መሰለ። አባዬ ትልቁን ጥቁር ሻንጣ ከቁም ሳጥን ላይ አወረደው። አንሶላ፣ ፎጣ፣ ሁለት ነጠላ፣ የካርድ ወረቀት፣ የሕፃን ልብስ ገባበትና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። የሕፃኑን ልብስ አይቻለሁ፤ እሱ እንኳ አላረጋጋኝም። ባለፈው ዓመትም የእኔ ልብስ ከሁሉ ቀድሞ ነው የታጠፈው። ወንደሰን የሚባል ባለ ባጃጅ ግቢ ድረስ ተጠርቶ መጣ።

"በየትኛውም ሰዓት ብደውልልህ ትመጣለህ" አለው አባዬ። "መንገድ ተዘጋ፣ ቤንዚን አለቀ፣ እንዲህ እንዳትለኝ።"

"ከዚህ ሰፈር አልወጣም ጋሽ ቀናው። ስልኬንም አላጠፋም።"

እማዬ ከአልጋ እንዳትነሣ ተከለከለች። እንስራ ማንሳት፣ ማጎንበስ፣ ልብስ ማጠብ አይቻልም። የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች የገንፎ ዱቄት ይዘው መጡና ሳይስቁ ተቀምጠው ሄዱ። እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ጣሪያውን እያየች ትውላለች። አንዳንዴ ትጠራኝና እጄን ሆዷ ላይ ታስቀምጠዋለች። "ይኸው ወንድምሽ። ሲርበው ነው እንዲህ የሚራገጠው።" እኔ ግን ጆሮዬ ውጭ ነው።

ልጁ በሦስተኛው ቀን መጣ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የግቢያችን በር ላይ፣ የኒም ዛፏ ጥላ ሥር፣ ቢጫ ጀሪካን ላይ ተቀምጧል። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ ሽርጥ የለበሰ። ክንዶቹ ላይ የእሳት ፍንጣሪ የጣለባቸው ትንንሽ ጠባሳ ነበር፤ በያጅ መሆኑን አላወቅኩም። እንዳየኝ ተነሣና መንገድ ለቀቀልኝ።

"አንቺ የእናትአለም ልጅ ነው?" አለኝ። አማርኛው የተሰባበረ ነው።

ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቀፍኩ።

"እናት እንዴት ነው? ደም አልመጣም?"

ሮጬ ገብቼ የእማዬ አልጋ ሥር ቁጭ አልኩ። ምን ሆንሽ ስትለኝ ውሻ አልኳት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እዚያው ነው። የሚያድረው ኤዶ ደሃቦ ቤት ነው፤ ቀን ቀን ጀሪካኑ ላይ። ጠዋት ስወጣ ይጠይቃል፣ ማታ ስገባ ይጠይቃል። ጥያቄው አንድ ነው። ደም አልመጣም? አልመጣም ካልኩት እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ይመስለኛል። ይጠብቅም ነበር።

ከሁሉ ያስፈራኝ አባዬ ነው። አባዬ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበረው፤ ሰው ለመለማመጥ የማይመች፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። ልጁን ግን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይጨብጠዋል። ሱቅ ዘግቶ ሲመጣ ከሙስሊም ሥጋ ቤት የገዛውን ጉበት በፌስታል ይዞለት ይመጣል።

"ብላ" ይለዋል። "ደም እንዲሆንህ ነው። እባክህ ካጠገባችን አትራቅ።"

እኛ ቤት ያን ሰሞን ሽሮ ነው የሚበላው። እዚያ ተቀምጦ ያን ጠቆር ያለ ጉበት ሲበላ በመስኮት አየዋለሁ። አባዬ ልጁን እየለመነው ነው ብዬ አሰብኩ። እንዳይነካን እያበላው ነው። እየለመነው የሚኖር አባት ደግሞ ልቤን ሰበረው። ባለፈው ዓመት እንኳ፣ የጨርቅ ጥቅሎቹ መሐል፣ አባዬ እንዲህ ሲለማመጥ አላየሁትም።

አንድ ቀን ሐሙስ፣ ልጁ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ሶማሊኛ የሰፈር ልጅ የሚያውቀውን ያህል እሰማለሁ። ከእናቱ ጋር ነው የሚያወራው። ሥራ አለብኝ፣ የሰው በር ጀምሬ ትቼ ነው የመጣሁት፣ መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም፣ አላህ ያውቃል። ከዚያም "እነሱ ከሄዱ እመጣለሁ" አለ።

እነሱ ከሄዱ። ይህ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ለካስ እኛ ከሌለን የሚሄድ ሰው ነው።

ኤዶ ደሃቦ በማግሥቱ ዓርብ በጠዋት ሐርተሼክ ለቅሶ ለመድረስ ሄዱ፤ የሚመለሱት እሑድ ነው። አባዬ ሱቁ ነው። እማዬ ተኝታለች። ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን ስለነበር ስድስት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ጀሪካኑ ላይ ነው። ገና አፉን ሳይከፍት ተናገርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስለማመደው ያደርኩት ነገር ነው።

"እማዬ የለችም። ሐረር ወሰዷት። ትልቁ ሆስፒታል። አባዬም ሄዷል፣ እኔም ከሰዓት እሄዳለሁ። አንተን ሂድ በዪው ብሎኛል። አትፈለግም።"

አየኝ። በዕድሜዬ ያንን ያህል ረዥም እይታ አላውቅም። የሚያውቅብኝ መስሎኝ ነበር።

"ሐረር? በሰላም? ደም ሳይመጣ?"

"በሰላም።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ። ፊቱ በሙሉ ፈታ አለ። "ሐረር ጥሩ ነው። እዚያ ደም አለ።" ኪሱ ገባና ሁለት ከረሜላ አወጣ። "እናት ስትወልድ፣ ጁነይድ ሰላም ብሏል በዪ።"

ስሙን የሰማሁት ያኔ ነው። ከረሜላውን ተቀበልኩት። ቦርሳውን ከኤዶ ደሃቦ ቤት ይዞ ወጣና ወደ መኪና ተራ ሄደ። በሩ ባዶ ሆነ። ገብቼ እማዬ አጠገብ ጋደም አልኩ፤ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀን ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቀሰቀሰኝ እርጥበት ነው። ውሃ የተደፋ መስሎኝ ነበር። እማዬ ቁጭ ብላ ሁለት እጇን አንሶላው ላይ ዘርግታ ታያለች። አትጮህም።

"ሶሲዬ" አለች። "አትደንግጪ። ስልኩን አቀብዪኝና ውጪ። ጁነይድን ጥሪው።"

ስልኩን አቀበልኳትና እዚያው ቆምኩ።

"በሩ ላይ ያለውን ልጅ። ቶሎ በይ የኔ ልጅ። እሱ ነው ደም የሚሰጠኝ።"

ወጣሁ። በሩ ድረስ ሄድኩ፣ ጀሪካኑን አየሁት፣ ተመለስኩ። "የለም" አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። ያኔ ብናገር መኪናው ገና ከተማውን አልለቀቀም ይሆናል፤ የአውበሬ መኪና ሳይሞላ አይንቀሳቀስም። ይህን አሁንም አስባለሁ። በየዓመቱ ግንቦት ሲመጣ የምቆጥረው ደቂቃ አለኝ።

ወንደሰን ቃሉን ጠበቀ፤ ባጃጁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። ሁለት ጎረቤቶች እማዬን ደግፈው አስገቧት። እኔ ጫማ ሳላደርግ ከኋላ ተሳፈርኩ። አባዬ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲጠብቀን ስልኩ ጆሮው ላይ ነው።

"ጥሪ አይቀበልም ይለኛል። የት ሄደ? የት ሄደ ይህ ልጅ?"

በዚያ መንገድ ላይ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ብዙ ነው። የጁነይድ ስልክ የጠራው አውበሬ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። አባዬ በሶማሊኛ ሲጮህበት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን።

ሆስፒታሉ ለእማዬ የሚሆን አንድ ከረጢት ደም ነበረው። እሱ ተሰቀለላት። ሐኪሙ ወጥቶ ለአባዬ አስረዳው፤ እንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ የተጣበቀ ይመስላል፣ ሲከፈት ብዙ ደም ይፈሳል፣ ተጨማሪ ሳይያዝ ቢጀመር ጠረጴዛው ላይ ልትቀር ትችላለች። እማዬ እኔን የወለደችኝም በቀዶ ሕክምና ነው፤ ጠባሳው የእኔ ነበር። ከሐረር ደም እንዲላክ ተደውሏል፣ መኪና ወጥቷል። ብዙ መጠበቅ እንደማይቻልም ተናገረ። አባዬ ራሱን እየነቀነቀ ሁሉንም ሰማ። ሐኪሙ ሲገባ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተና መሬት ላይ ተቀመጠ።

ግድግዳው ሥር ቆሜ የኮሪደሩን ጡብ ቆጠርኩ። ቃሎቹ አንድ በአንድ ቦታቸውን ሲይዙ ይሰማኝ ነበር። ደም አልመጣም? ደም እንዲሆንህ ብላ። እነሱ ከሄዱ እመጣለሁ፤ ሆስፒታል ሄደው በሰላም ከተገላገሉ ማለቱ ኖሯል።

ጁነይድ የመጣው በፍየል ጭነት መኪና ላይ ነው። ሽርጡ ላይ ጭድ ነበር። ሮጦ ሲገባ አባዬ ከመሬት ተነሥቶ አንገትጌውን ያዘው።

"ለምንድን ነው የሄድከው? አንድ ነገር ነው የለመንኩህ። አትራቅ ነው ያልኩህ። እንደ ልጄ አብልቼህ... ለምንድን ነው የሄድከው?"

የጁነይድ አፍ ተከፈተ። ከአባዬ ትከሻ በላይ እኔን አየኝ። ባዶ እግሬን አየ። ሐረር አለመሄዳችንን ከስልኩ ጥሪ ጀምሮ ያውቃል፤ የዋሸሁት እኔ መሆኔንም ያውቃል። አፌን ልከፍት ሞከርኩ። እምቢ አለኝ ብል ውሸት ይሆናል። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።

"ሥራ ነበረኝ" አለ ጁነይድ። "በር ጀምሬ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።"

አባዬ ገፍቶ ለቀቀው። አንዲት ነርስ ይዛው ገባች። በተከፈተው በር ሲተኛ አየሁት፤ ክንዱ ላይ መርፌ ገባ፣ ቀጭኗ ቱቦ ቀላች። ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። አንድ ሰው የሚችለውን ከሰጠ በኋላም ጨምሩ ብሎ እንደለመነ ሲስተር ሙና በኋላ ለእማዬ ነግራታለች።

እማዬ ዳነች። ደሙ አልቆም ስላለ ማህፀኗ ወጣ። ወንድሜ በሕይወት ተወለደ፤ ታፍኖ ስለቆየ ግን መተንፈስ አቅቶት በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረፈ። ክርስትና ሳይነሣ፣ ስም ሳይወጣለት። አባዬ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሄዶ ቀበረው። እኔ አላየሁትም። እማዬ ቅንድቡ እንደኔ ነበር ትላለች።

ኤዶ ደሃቦ እሑድ ከሐርተሼክ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መጡ። "በኔ ይሁንባችሁ ብዬ ነበር" አሉ፤ ደጋግመው፣ በአማርኛም በሶማሊኛም። እማዬ እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። አባዬ ዞር ብሎ ወጣ። በሦስተኛው ወር ሌላ ሰፈር ቤት ተከራየን። ሦስት ቀን ሸሽገው ያተረፉን ሴትዮ ግቢ እንዲህ ተለቀቀ። ኤዶ ደሃቦ በዓል በመጣ ቁጥር አዲሱ ቤታችን ድረስ ወተት ይዘው ይመጡ ነበር፤ አባዬ ካለ በር ላይ ሰጥተውኝ ይመለሳሉ። ጀርባቸው እየጎበጠ ሲሄድ አያቸዋለሁ። በወንድማቸው ልጅ ያፈሩትን ሀፍረት ነው የሚሸከሙት። አንድ ቃል ከኔ ቢወጣ የሚወርድላቸው ሸክም ነበር። አስራ ሦስት ዓመት ሞላኝ፣ አስራ አምስት፣ አስራ ሰባት። ቃሉ አልወጣም። ልጅ ሆኜ የዋሸሁትን ይቅር እላለሁ አንዳንዴ። ከዚያ በኋላ ዝም ያልኩት ግን ልጅ ሆኜ ብቻ አይደለም።

ኤዶ ደሃቦ በዚህ ዓመት ጥቅምት ላይ አረፉ። ለቅሶ ሄድን። ጁነይድ ከወንዶቹ ጋር ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበል ነበር። አባዬ ሲደርስ እጁን ዘረጋ። አባዬ አጠገቡ ያለውን ሽማግሌ ጨብጦ አለፈ። የጁነይድ እጅ ትንሽ አየር ላይ ቆየና ወረደ። እንደገና አየኝ፤ እንደገና ምንም አላለም።

በሳምንቱ ብቻዬን አውበሬ ሄድኩ። የብየዳ ሱቁን ማንም ያሳያል። ጥቁሩን መከላከያ ከፊቱ አንሥቶ አየኝና ማሽኑን አጠፋ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት። ድሬዳዋ ሠርቶ ስለተመለሰ አማርኛው ተስተካክሏል። በርጩማ ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ ስለ እማዬ ጤና ጠየቀኝ። እንባዬ እስኪያልቅ ጠበቀ።

"ለምን አልተናገርክም?" አልኩት።

"ጫማ አላደረግሽም ነበር" አለ። "ምን እንዳሰብሽ አላውቅም። ግን አንድ ልጅ እንዲያው አይዋሽም፤ ፈርታ ነው አልኩ። አባትሽ በእኔ ተቆጥቶ መኖር ይችላል። እኔ አውበሬ ነኝ፣ እሱ ጅግጅጋ ነው። ባንቺ ተቆጥቶ ግን አንድ ቤት ውስጥ እንዴት ይኖራል?"

"ኤዶ ደሃቦስ?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዞረ። "ለሷ አልነገርኳትም። ብነግራት ትነግራቸው ነበር። እስክትሞት ድረስ ለምን ሄድክ እያለች ትጠይቀኝ ነበር። እሱ ነው የሚከብደኝ።"

ስነሣ እስከ መኪና ተራ ሸኘኝ። ለአባቴ እናገራለሁ አልኩት። "አትናገሪ" አለ። "ሕፃኑ አይመለስም።" መኪናው እስኪሞላ አብሮኝ ቆመ።

ሁለት ወር ዘገየሁ። ጥር ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እማዬና አባዬ ምሳ በልተው ተቀምጠው ሳሉ ቆሜ ነገርኳቸው። ከመጋረጃው ጀርባ ከሰማሁት ጀምሬ እስከ ከረሜላው። እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አባዬ ጠረጴዛውን እያየ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ጨርሼ ስቆም ተነሣ። ጫማውን አድርጎ ወጣ፣ ሲመሽ ተመለሰ፣ ተኛ። እሑድም አላናገረኝም። ሰኞ ሱቁን ሳይከፍት በጠዋት ወጣ፤ የት እንደሚሄድ አልተናገረም። ጁነይድ ያለው ትክክል ነበር ብዬ አሰብኩ። አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ሆነን ልንኖር ነው።

የተመለሰው ወደ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጫማው በአቧራ ነጭ ሆኗል። እማዬ ውሃ ሰጠችው። ጠጥቶ ብርጭቆውን እጁ ላይ ይዞት ቀረ።

"አገኘኸው?" አለችው።

"አገኘሁት።"

"ምን አለህ?"

"ልጅ ናት፣ ምንም እንዳትላት አለኝ።" ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል። "ያኔ እኮ ሃያ ዓመቱ ነበር" አለ። "አንገቱን ስይዘው አላየሁትም። እሱም ልጅ ነበር።"